የወረቀቱ ጀርባ

ሶሊያና አውራ ጣቴን ይዛ ወደ ማኅተም ቀለሙ ስትስበው እጄን እነጥቃለሁ።

«አንዴ ብቻ እኮ ነው፣ እትዬ ዲንቄ።»

«መጀመሪያ አንብቢልኝ።»

ታነባለች። ቤታችን ለልማት እንደሚፈርስ፣ ተወያይተን ወደን እንደተነሳን፣ ምትክ እንደተሰጠን። ምትኩ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለውም።

ባሌ አሻግሬ አልጋው ላይ እንዳለ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ከወገቡ በታች አልታዘዝ ካለው ሦስት ዓመቱ ነው። ተሽከርካሪ ወንበሩን ያመጣችለት ይቺው ልጅ ናት፤ ጀርባው እንዳይቆስል አገላብጬ ማስተኛትን ያስተማረችኝም እሷ። ሶሻል ወርከር ናት። ያን ጊዜ እግዜር የላካት ነበር የመሰለኝ። ዛሬ የላካት የወረዳው ቢሮ ነው።

«እዚህ አቃቂ ለሐኪም ቀጠሮው ጎረቤቶቻችን ሻፊ ሱቁን ዘግቶ፣ ኩምሳ ባጃጁን አቁሞ ይሸከሙታል። እዚያ ማን ሊሸከመው ነው? አንቺ?»

«ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለሽ?»

«ያንቺ ሥራ ማስፈረም ነው አለኝ።» ዓይኗ እንባ ይሞላል። «ካልፈረሙ ሰኞ ያለ ምትክ ይፈርሳል። እኔ ብተወውም ሌላ ሰው ይልካሉ።»

«ማልቀሱን ተይና ጻፊ። ሰውዬው ደረጃ አይወጣም በይ።»

«ቅጹ ላይ ለሱ የሚሆን ቦታ የለም፣ እትዬ።»

«ጀርባው ባዶ አይደል እንዴ?»

 ሶሊያና ወረቀቱን ትገለብጠውና ጉልበቷ ላይ አድርጋ የምነግራትን ትጽፋለች። ባሌ አይራመድም። ምድር ቤት ካልተሰጠን አንነሳም። መልሳ ታነብልኛለች። የራሴው ቃል ነው፣ አንድም አልጎደለም። ከሥሩ እሷም ስሟን ጽፋ ትፈርማለች።

«በይ አሁን አምጪው ቀለምሽን!»

አውራ ጣቴን ደህና አድርጌ እነክረዋለሁ። ደብዝዞ እንዳይቀር ብዬ ባለ በሌለ ጉልበቴ እጫነዋለሁ።

«ይኸው!» እላለሁ። አሻግሬ ፊቱን ከግድግዳው ይመልሳል።

ሶሊያና ወረቀቱን ገልበጥ ታደርግና ክው ትላለች። ስስ ወረቀት ነው፤ ቀለሙ ሰርጎ በፊት ለፊቱ፣ የፊርማው ቦታ ላይ ወጥቷል። በመዳፏ ልትሸፍነው ስትል እጇን እይዛታለሁ።

ብዙ ማንበብ አልችልም፤ ፊደል እለቅማለሁ። አሻራዬ ካረፈበት በላይ ያለችውን አንዲት ቃል ቀስ ብዬ እለቅማታለሁ።

ተስማምቻለሁ።

«ምን ይላል?» ይለኛል አሻግሬ ከአልጋው።

ጣቴን ቀሚሴ ላይ እጠርገዋለሁ። አይለቅም።