ለምርቃት የተጠበቀችው መኪና

ወደ ጎሬ የሚያወጣው ዳገት ሲጀምር የኪቲላ ግራ እግር ፍሪሲዮን ይፈልጋል። ባዶ ወለል ይረግጣል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ኩርባ ላይ ማርሽ ሲቀይር የኖረው እሱ ነበር። ዛሬ መሪውን የያዘው አብዱልመሊክ ነው። ሚኒባሷ ግን ያችው ናት። ከአራት ወር በፊት ለአብዱልመሊክ ሸጧት፣ ገንዘቡን ለአዲስ መኪና ቅድሚያ ክፍያ አስገባ። አሁን በገዛ ጋቢናው ተሳፋሪ ሆኖ ተቀምጧል። አብዱልመሊክ «ኧረ ይተው ጋሼ» እያለው ሂሳብ ከፍሏል።

«ጋሽ ኪቲላ፣» ይላሉ ከኋላ የጎሬዋ ጨርቅ ነጋዴ እትዬ ሽብሬ፣ «አዲሱን መኪና ሊያመጡ መቱ ወረዱ ሲሉ ሰምቼ ነበር። የታል? አጣጥፈው ኪስዎ ከተቱት እንዴ?»

ተሳፋሪው ይስቃል። ኪቲላም ጥርሱን ያሳያል። እውነትም ኪሱ ውስጥ ነው፤ ታጥፏል።

አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ጠዋት የአስመጪው ወኪል የሆነችው ልጅ መስመር በመስመር አነበበችለት። ውል ሲፈርም ዋጋው ሁለት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ብር ነበር። ከዚያ የዶላሩ ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። መኪናው ያው ነው፤ ጎማው አራት፣ መሪው አንድ፣ አንዲት ብሎን አልተጨመረበትም። በብር ሲመነዘር ግን አበጠ። ባበጠው ላይ ቀረጥ ተሰላ። ቀረጡ ተደምሮ ኤክሳይስ ተሰላ። ኤክሳይሱ ተደምሮ ተጨማሪ እሴት ታክስ፤ ያ ሁሉ ተደምሮ ደግሞ ሱር ታክስ። ሰውየው የሚቀረጠው በመኪናው ብቻ አይደለም፤ በከፈለው ቀረጥም ይቀረጣል። ይህ ሁሉ ተተምኖ እስኪያልቅ መኪናው አርባ አንድ ቀን ወደብ ላይ ቆሟል። የቆመበትን ኪራይ የሚከፍለው ያስቆመው አይደለም፤ ሲጠብቅ የከረመው ነው። ድምር፦ አራት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ።

«እኛ የጨመርነው ነገር የለም፣» አለችው ልጅቷ።

ማንም አልጨመረም። አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ብር እንደ በረዶ ከሰማይ ወርዶ ነው።

ወይ ልዩነቱን በዐሥር ቀን ውስጥ ያስገባል፣ ወይ ቅድሚያውን ወስዶ ውሉን ያፈርሳል። የሚሸጠው ሌላ ነገር የለውም። «ይፍረስ» የሚለው ላይ ፈረመ። እስክሪብቶው አልጽፍ ስላለ ሁለት ጊዜ ፈረመ። የተሰማው ነገር ቢኖር ወንበሩ እንደሚወላገድ ብቻ ነው።

«ልንገርዎ ጋሼ፣» ይላል አብዱልመሊክ፣ «ትናንት አንድ ሰው ለዚህች አሮጌ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሰጠኝ። ወላሂ! አዲሱ ዋጋ ሰማይ ሲነካ አሮጌውም ተከተለው። እምቢ አልኩት።»

ከኪቲላ የገዛት በዘጠኝ መቶ ሺህ ነው። ይህ ትዝ ሲለው ጆሮው ይቀላል፤ ዓይኑን መንገዱ ላይ ይተክላል።

«ደግ አደረግክ፣» ይላል ኪቲላ። «እዚህ ጋ ግን አታስጩሃት። በሁለተኛ ነው የምትወጣው።»

ስልኩ ይንቀጠቀጣል። ሚስቱ ዲሪቤ ናት፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

«የት ደረሳችሁ? ሰዉ ከተሰበሰበ ቆየ እኮ። ኦቦ ጅራታ ሊመርቁ ቆመው ነው የሚጠብቁት።»

ደረሳችሁ ትላለች፤ እሱንና መኪናውን።

«ዳገቱ ላይ ነን።»

«ነጭ ነው አይደል? ነጭ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ነጭ ነው፣» ብሎ ይዘጋል።

የሚጠብቁት ሰዎች ጎሬ መግቢያ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ቆመዋል። ጎረቤቱ በሙሉ ወጥቷል። ዲሪቤ ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ይዛለች። ሽማግሌው ኦቦ ጅራታ እርጥብ ሰርዶ ጨብጠዋል፤ ሞራ ዓይናቸውን ከጋረደው ሁለት ዓመት ሆኖታል። እዚህ አዲስ መኪና ሳይመረቅ ሰው አይጭንም። የተጀመረ ምርቃት ደግሞ አይቋረጥም።

አብዱልመሊክ ያቆማል። ኪቲላ በሩን ከፍቶ ይወርዳል። ዲሪቤ መኪናዋን ታያለች፣ ከዚያ እሱን። «የለም» ለማለት ራሱን ይነቀንቅላታል። በዚህ መሀል ሽማግሌው የሞተሩን ድምፅ ተከትለው ደርሰዋል፤ ሰርዶውን ዝናብ መጥረጊያው ሥር ሰክተዋል፤ መዳፋቸው የመኪናዋ ግንባር ላይ ነው።

«ፍሬንሽ አይክዳሽ! ጎማሽን ስለት አያግኘው! ጌታሽን አበልጽጊው፣ ልጆቹን አጥግቢ! ሃ ታኡ!»

«ሃ ታኡ! ይሁን!» ይላል ሰዉ፤ አፉ ለምዶ።

አብዱልመሊክ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያንሾካሹካል። «ጋሼ፣ ልንገራቸው እንዴ? የኔ እኮ ናት።»

«ዝም በል፣ ይመርቁ።»

አብዱልመሊክ ሁለት እጁን ከመሪው ያነሳና መዳፉን ይዘረጋል። «አሚን።» ከኋላ እትዬ ሽብሬም እጃቸውን በመስኮት ያወጣሉ። የሚስቅ የለም።

«ቅቤ!» ይላሉ ኦቦ ጅራታ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው።

ዲሪቤ አትንቀሳቀስም። ኪቲላ ኮባውን ከእጇ ወስዶ ሽማግሌው መዳፍ ላይ ያኖረዋል።

በሁለት ጣት ይቀቧታል፤ ከግራ መብራት ጀምረው ወደ መሀል። መሀል ላይ ጣታቸው ይቆማል። እዚያ ጋ ከስንት ዓመት በፊት ቡሬ መንገድ ላይ በሬ ገጭቷት የቀረ ጉድጓድ አለ፤ የተደፈነበት ስቱኮ ተሰነጣጥቋል። ጎሬ ውስጥ የማያውቀው የለም። ኦቦ ጅራታ ጉድጓዱን በጣታቸው አንድ ጊዜ ይዞሩታል። ፊታቸውን ኪቲላ ወደቆመበት ይመልሳሉ።

ከዚያ የቀረውን ቅቤ በሙሉ ያነሡና እዚያው ጉድጓዱ ላይ ይለጥፉታል። ብረቱ ዳገት የወጣ ሞተር ያሞቀው ነው፤ ቅቤው ቀልጦ ታርጋው ላይ መንጠባጠብ ይጀምራል።