የአራስ ውሃ

የምንኖረው ባሕር ወለል ላይ ነው፤ ከእግራችን ሥር ጋዝ ያመቀ በረዶ አለ። በረዶውን ጭቃው ውስጥ አስሮ የያዘው ብርድ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ውሃ ማፍላት ክልክል ነው። ስወልድ ሊያርሱኝ ከደጋ የመጡት አማቴ እማማ ዘርትሁን ግን፣ «አራስ በቀዝቃዛ ውሃ? ምን ያለ ጉድ ነው!» ብለው በድብቅ አፍልተው አጠቡኝ።

እጣቢውን ሲደፉ እንደ ወጉ መናፍስቱን አስጠነቀቁ፤ «በስመ አብ! ዞር በሉ፣ እንዳላቃጥላችሁ!» ውሃው በወለሉ የእጣቢ ማፍሰሻ ቀዳዳ ወደ ጭቃው ወረደ።

ጭቃው አገሳ። በረዶው ጋዝ ሆኖ ፈነዳና ወለሉን ሰነጠቀው፤ እማማን ከጣሪያው ጋር አላተማቸው፤ ባሕሩ ገባ። ሕፃኗን አቅፌ ለአደጋ የተሠራው ማምለጫ ክፍል ገባሁና የብረቱን በር ዘጋሁት።

በበሩ መስታወት አየኋቸው። ግንባራቸው ተፈንክቶ፣ ውሃው አንገታቸው ደርሶ፣ በሩን ይደበድባሉ። ክፈቺልኝ የሚሉኝ መስሎኝ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

«ተከናነቢ!» ይላሉ፤ «ብርድ እንዳይመታሽ!»