ከነስሙ የገባው ድምፅ

መካነ ሰላም ውስጥ ቪዲዮ የሚያቀናብረው አህመዲን፣ ጅዳ ላለችው ለሱሀይላ የሚላከውን የቤተሰቧን ዱዓ ሲቀርጽ ለአባቷ ለጋሽ አሕመድኑር፣ ለእናቷና ለሼሁ ደረታቸው ላይ ማይክ ሰክቶ፣ መቅረጫው ላይ የየድምፁን ስም ጽፎ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ሲያስገባቸው ግን ቸኩሎ ስማቸውን አስቀረና በቁጥር ብቻ ገቡ። ሼሁ እስኪጨርሱ አባትየው ዝም ብለው ስለጠበቁ፣ አህመዲን የሳቸውን ድምፅ መጀመሪያውን ብቻ ሰምቶ ባዶ መስሎት ከኮምፒውተሩ አጠፋው። ሱሀይላ የአባቷ አፍ ሲንቀሳቀስ አየች እንጂ ምርቃቱን አልሰማችም። ቤተሰቡ ሲጠይቀው፣ «ጋሽ አሕመድኑር ማይኩን ራሳቸው ነቅለውት ነው» አለ። ሽማግሌው በዚያው እንዳፈሩ ሞቱ።

ከሰደቃው በኋላ እናትየው፣ እቴቴ ኡምኩልሱም፣ ወደ ሱቁ መጡ።

«ድምጣቸውን እስቲ ፈልግልኝ ልጄ፣ አላህ ይስጥህ» አሉት።

አህመዲን ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። ከመቅረጫው ካርድ ድምፆቹን እንደገና አስገባ፣ አሁን ከነስማቸው። «አባት» የሚለውን ከፈተላቸው።

ምርቃቱ ጥርት ብሎ ወጣ። እቴቴ እያለቀሱ «አሚን» አሉ። ዱዓው አልቆ ሊዘጋው እጁን ሲሰድ፣ ያው ድምፅ በዝግታ ቀጠለ።

«አህመዲን፣ ማይኩን እኮ አልነቀልኩትም።»