የአንኮበርና የእነዋሪ ሽበት

መምህር ገብረጻድቅ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥቅሎች የሚያስርበት አጣ። ነገ ጧት በአዲስ አበባው አውቶቡስ ካልላካቸው፣ ኮሌጅ ያሉት ፈረንጅ የዕፅዋት መርማሪ ወደ አገራቸው መሄዳቸው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በእግሩ የተንከራተተበትን ሥራ ውሃ በላው ማለት ነው።

«ትርፌ፣ ከክርሽ አንድ ክንድ ቁረጪልኝ።»

ሚስቱ ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ የሚሆን ጥቁር የበግ ጠጉር እየለየች ነበር። ክሩን ይዛ መጣችና ጥቅሎቹን አየች። «ስምህ የሚጠራበት ይሄ ነው?»

ይሄው ነበር። የደብረ ብርሃን ሰው «የሽበት መምህር» እያለ ሲስቅበት፣ እሱ በየዛፉና በየድንጋዩ ላይ እንደ ሽበት ተለጥፎ የሚበቅለውን፣ ስሙም ሽበት የሆነውን ነገር እየፋቀ፣ የትኛው ጥላ፣ የትኛው ፀሐይ እንደሚወድ ሲጽፍ ኖሯል። ከአንኮበር ጫካ ያመጣው ግራጫው የታወቀ ነው። በእነዋሪ ሜዳ ብቻውን ከቆመ ጽድ ላይ የፋቀው ቀላ ያለው ግን የዕፅዋት ስም በተመዘገበበት መጽሐፍ የለም። አዲስ ዘር ከሆነ በስሙ ይጠራል። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፤ ይሄ እንኳ ስሙን ቢያስጠራለት ምናለበት?

ትርፌ ሁለቱንም መዳፏ ላይ አድርጋ ዳሰሰች፣ ገለበጠች።

«እነዚህማ አንድ ናቸው» አለች።

«አንዱ የጫካ ነው፣ አንዱ የሜዳ።»

«ቢሆንስ? ጥቁር በግም ፀሐይ ሲበዛበት የጠጉሩ ጫፍ ይቀላል። የማያውቅ ገዢ ሌላ በግ ይመስለዋል። ሥሩን ገልጠህ እይ።»

ሊቆጣት ፈለገ፤ ለቁጣም ጉልበት ያስፈልጋል። ከእንስራው ውሃ ቀድቶ መጣ። ሽበት ውሃ ሲጠጣ እውነተኛ መልኩን እንደሚያወጣ ለተማሪዎቹ ሲያስተምር ኖሯል። እነዚህን ሁለቱን ግን አንድም ቀን አጠጥቷቸው አያውቅም። ፈርቶ እንደነበር አሁን ገባው።

በጣቱ አንጠባጠበባቸው። ግራጫው ወዲያው አረንጓዴ ሆነ። ቀዩ ቆየ። ከዚያ ቀዩም ከጠርዙ ጀምሮ አረንጓዴ እየሆነ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ የትኛው የየት እንደነበር እሱም መለየት አቃተው።

«ምነው አፌን በዘጋሁት» አለች ትርፌ።

«ተይው። ደክሞኛል።»

ሁለቱን በአንድ ወረቀት ጠቀለላቸው። ቀድሞ ወረቀቱ ላይ የጻፈውን «አዲስ» የሚለውን ሰረዘና «ከአንኮበርም፣ ከእነዋሪም፣ ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ክሩ እንዳይላላ በጣቱ ተጫነላትና ትርፌ አሰረችው።