ለሁሉም አንድ የሆነው ፊልም

«ይኼኛው ፊልም ለሁሉም አንድ ነው አሉ!» ይላል ዘርጋው፣ ላገኘው ተማሪ ሁሉ። ማን ይመነው? ፊልም የተመልካቹን ዓይን እያነበበ መጨረሻውን መቀያየር ከጀመረ ወዲህ፣ ትርንጎና እናቷ እንኳ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ በየመነጽራቸው አንዱን ፊልም እያዩ፣ አንዷ ስትስቅ ሌላዋ ታለቅሳለች።

ትርንጎ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ ዕውቀቷን ብቻዋን የለቀመች ናት። የመምህር ጉግሳ የፊልም ክፍል የሚቀበላት ይኼንኑ ፊልም ከተቀዳበት ልቦለድ ጋር አነጻጽራ ካሳመነች ብቻ ነው።

ያለ መነጽር፣ በክፍሉ ግድግዳ ላይ የታየው ፊልም ሲያልቅ ሁሉም ባንድ ጊዜ አፍንጫውን ጠረገ።

«አላልኳችሁም?» ዘለለ ዘርጋው።

«እስቲ ትርንጎ፣» አሉ መምህር ጉግሳ።

አንገቷን ቀና አደረገች። «በልቦለዱ ሸክላ ሠሪዋ ባሏን ጥላው ትሄዳለች። እዚህ ግን ከደጅ ተመልሳ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች! ይህን መጨረሻ ያመጣው ሰው መለያየት የሚያስፈራው፣ በእሽሩሩ ያደገ ሆደ ቡቡ ነው!»

ክፍሉ አውካካ። መምህሩም እየሳቁ «ተቀብለንሻል!» ብለው ስሟን መዘገቡ።

ሌሎቹ ሲወጡ ጠጋ አሏት። «ፊልሙስ እንደ ማንኛውም ፊልም ነው፣ ልጄ። ግድግዳ ላይ ሲታይ ግን የሚያነበው ከፊት የተቀመጠውን ሰው ዓይን ብቻ ነው። ከፊት የተቀመጥሽው ደግሞ አንቺ ነበርሽ።»