የአብዩ እጅ

አብዩ በሞተ በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ትርሲት ለቀስተኛውን ሁሉ ድንኳን ውስጥ አስቀርታ ቤት ብቻዋን ተቀምጣለች። የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ እሷ ግን እሳት አላስነድድም ብላለች።

የቤቱ መስኮት አብዩ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲመራመርበት ዕድሜውን የጨረሰበት መስታወት ነው። ውስጡ ያለው መዳብ የተዋሐደው ፈሳሽ ክሪስታል የነካውን እጅ ቅርጽ ይይዛል፤ ቤቱ ሲሞቅ ደግሞ ይረሳዋል። ዛሬ የከተማው መስኮት ሁሉ እንዲህ ነው። ጠዋት ምድጃ ሲቀጣጠል የትናንቱ ጣት ሁሉ ይጠፋል፤ ማንም ልብ አይለውም።

አብዩ ወደ ሆስፒታል ሲወጣ መስኮቱን ተደግፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ እሳት ስላልነደደ አምስት ጣቱ እዚያው ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል፤ ትንሿ ጣት እንደ ልማዷ ጎበጥ ብላለች።

ጎረቤቷ እትዬ ስንዱ ገቡና፣ "ልጄ፣ በዚህ ብርድ ልትከተዪው ነው እንዴ? ከሰል ላምጣልሽ" አሏት።

"ተዉት እትዬ፣ ብርዱ ይሻለኛል።"

ምክንያቱን መናገር አፈረች። መስኮት ላይ ለቀረ እጅ ብላ ለቀስተኛ ውጭ አስቀመጠች ቢባልስ?

ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ አሸነፋት። ስትነቃ ፊቷ ሞቋል። ጋቢ ደርበውላታል፤ አጠገቧ ማንደጃው ፍም ሞልቶ ቀልቷል። ቀና አለች። መስታወቱ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ፣ ውጭ ያለው ድንኳን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እትዬ ስንዱ እጃቸውን ፍሙ ላይ እያሞቁ፣ "ሞቅ አለሽ ልጄ?" አሏት።

ትርሲት ዓይኗን ከመስኮቱ ሳታነሳ፣ "አዎ እትዬ" አለች። "እግዜር ይስጥልኝ።"