የአዴ ጋኖ ቤት ግምገማ

ጌታሰው ስምንተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ከመቱ ቡሬ የሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆነ። አራት ዓመት በር ላይ ተንጠልጥሎ ሰው ሲቆጥር ከኖረ በኋላ፣ አንድ የቤት ለቤት እንክብካቤ ማኅበር ገምጋሚ አድርጎ ቀጠረው። ማኅበሩ የፈለገው ዲግሪ ያለው ሳይሆን የመቱን ጉራንጉር የሚያውቅና ጭቃ የማይፈራ ሰው ነበር። በሁለቱም የሚስተካከለው አልተገኘም።

ሥራው ቀላል ነው። የታመሙ አረጋውያን ቤት ይሄዳል፣ ማኅበሩ የቀጠረላቸው ተንከባካቢ እንዴት እንደያዘቻቸው ያያል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ቅጽ ላይ ነጥብ ይሞላል። ከሃምሳ በታች ከሆነ ተንከባካቢዋ ትሰናበታለች፤ ታማሚው ደግሞ ጅማ ወዳለ ማዕከል ይወሰዳል። ማዕከሉ የሚቀበለው ማንም የሌለውን ብቻ ነው። ማኅበሩም በበኩሉ ዘመድ አይቀጥርም። አንድ ሰሞን ቀጥሮ ነበር፤ ዘመዶቹ ደመወዛቸውን እየተቀበሉ ገበያ ሲውሉ ተገኙ።

ያን ሐሙስ የተላከው አሮጊቷ አዴ ጋኖ ቤት ነው። አዴ ጋኖ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ ሁለት ዓመት አልፏል። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንድያ ልጃቸው ጉቱም ካቻምና ኖፓ ወረዳ ያለው እርሻው ላይ እንዳለ አርፏል። ጥቆማውን የሰጠችው ከቤታቸው ፊት ለፊት ሱቅ የከፈተችው ጀሚላ ናት።

«ልጅቷ እንደ ዘብ ቆማ ነው የምትውለው» አለችው ስኳር እየመዘነች። «ከመጣች ሰባት ወሯ፣ አንድ ቀን በስማቸው ስትጠራቸው አልሰማሁም። እኔ ድመቴን እንኳ በስሟ ነው የምጠራት!»

«ትመታቸዋለች?»

«እሱንስ አላየሁም። ግን አላማረኝም።»

ጌታሰው ጫማውን ደጃፉ ላይ ከጭቃው አላቆ ገባ። ተንከባካቢዋ ዲንቄ ትባላለች፤ ከሠላሳ የማትበልጥ ቀጭን ሴት። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ በርጩማ አቀረበችለት። እሷ ግን ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች።

ከቅጹ የመጀመሪያ ክፍል ጀመረ፦ ንጽሕናና ደኅንነት። አንሶላው ነጭ ነው። ጀርባቸው አልቆሰለም። ጥፍራቸው ተቆርጧል። መድኃኒቱ ቀኑን ሳያዛንፍ ተወስዷል። ከአልጋው እስከ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ በእጃቸው ከፍታ ልክ የባሕር ዛፍ መደገፊያ ተመትቷል። ከአርባው አርባ ሰጣት። እየሰጣት ግን ከፋው። ይኼን ያህል የጸዳ ቤት አንድ የሚደብቀው ነገር አለው።

ሁለተኛው ክፍል ቅርርብ ይላል፤ ስልሳ ነጥብ አለው።

«አልጋው ላይ ቁጭ ብለሽ አታጫውቻቸውም?»

«ቆሜ ነው የማጫውታቸው።»

«ምሳስ አብራችሁ ትበላላችሁ?»

«እሳቸው ሲጨርሱ ጓዳ እበላለሁ።»

«ምነው፣ ይቀፉሻል?»

«ኧረ ይቅር ይበልህ!» አለች፤ ወለሉን እያየች።

አዴ ጋኖን ስታናግርም ያው ወለሉን ነው የምታየው። ጌታሰው ይኼን አሳምሮ ያውቀዋል። ሒሳብ ያልከፈለ ተሳፋሪ ዓይን ዓይንህን አያይም።

ውኃ አምጪልኝ ብሎ ወደ ውጭ ላካትና ወደ አልጋው ጎንበስ አለ። «አዴ፣ እኔና እርስዎ ብቻ ነን። ትጮህብዎታለች? ምግብ ትከለክልዎታለች?»

አዴ ጋኖ በሩን አዩ። ከንፈራቸውን ገጠሙ።

«ፈርተዋል» ብሎ ጻፈ።

ዲንቄ ውኃውን ይዛ ስትመለስ የቀረው በስም መጥራት የሚለው ጥያቄ ብቻ ነበር።

«ስማቸውን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ማን ይባላሉ?»

«ወረቀትህ ላይ አለ አይደል።»

«ወረቀቱንማ እኔም አነበዋለሁ። ሜ፣ እስቲ አንዴ ጥሪያቸውና ዐሥር ነጥብ ልስጥሽ። ዐሥሯ ታድንሻለች።»

ዲንቄ አፏን ከፈተች። አዴ ጋኖን ሳይሆን ጣሪያውን አየች። ከዚያ አፏን ገጠመች።

«እንቢ በቃ?»

«አልችልም።»

ጌታሰው ደመረ። በጥሞና ታዳምጣለች ለሚለው ስምንት፣ ለሌላው ባዶ። ከመቶ አርባ ስምንት። እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ የቀለሙን ሳጥን ከቦርሳው አወጣ።

«አዴ፣ ሰኞ ጠዋት መኪና ይመጣል። ጅማ ነው የሚሄዱት፣ እዚያ ሐኪሙም አልጋውም አለ። እዚህችው ጋ አሻራዎን ያሳርፉልኝ።»

አዴ ጋኖ ደህናውን እጃቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ ከተቱ። «ከዚህ ቤት ሬሳዬ ነው የሚወጣው» አሉ። ከገባ ጀምሮ የሰማው የመጀመሪያ ቃላቸው ነው።

ዲንቄ ጉልበቱ ሥር ወደቀች። «እኔን አባረኝ! ዛሬውኑ አባረኝ፣ እሳቸውን ግን አትውሰዳቸው!»

ጌታሰው እንዲህ ያለ ለቅሶም አይቷል፤ ቡሬ ሲደርሱ ቦርሳዬ ጠፋ ከሚሉ ተሳፋሪዎች። እግሩን ቀስ ብሎ አላቀቀ።

«ተነሽ እህቴ። እኔም እናት አለኝ። ስማቸውን እንኳ ከአፏ ማውጣት ለምትጠየፍ ሴት ትቻቸው አልሄድም።»

አዴ ጋኖ በክርናቸው ተደግፈው ከትራሱ ቀና አሉ።

«እንዴት አድርጋ ስሜን ትጥራ?» አሉት። «በእኛ ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራ፣ አብራት አትበላ። የልጄ ሚስት እኮ ናት።»